ዓመቱ የሚቆጠረው ከመርፌው ቀን ነው፦ ለኮንግረስ ተወካያችን ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ተወካያችን፣

ይሄን በአማርኛ የምጽፍልዎት ሆን ብዬ ነው። በእንግሊዝኛማ ለቢሮዎ ደጋግሜ ጽፌያለሁ፤ የደረሰኝ መልስ ለሁሉም ሰው የሚላክ የምስጋና ወረቀት ነው። በምርጫ ሰሞን ግን በራሪ ወረቀትዎ ጥርት ባለ አማርኛ ቤታችን ድረስ መጥቷል። ስለዚህ አማርኛ የሚያነብልዎት ሰው አለ ማለት ነው።

ጉዳዩ የታላቅ ወንድሜ ነው። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። በ2021 ማርች ላይ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን የኮቪድ ክትባት ወሰደ። አንዴ ተወግቶ መገላገል ስለሆነ ከሥራ መቅረት ለማይችል ሰው የሚመች እሱ ነበር። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ እግሩን ይነዝረው ጀመር። ሆስፒታል ሄደ፣ ድካም ነው ብለው መለሱት። ከዚያ ደረጃ መውጣት አቃተው፣ ቀጥሎ ማንኪያ መያዝ፣ በመጨረሻ መተንፈስም ከብዶት ማሽን ላይ ተደረገ። በሽታው ጊላን ባሬ ይባላል፤ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን ነርቭ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። የመንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በክትባቱ ላይ ስለዚሁ በሽታ ማስጠንቀቂያ የጨመረው በጁላይ 2021 ነው። ያኔ ወደ 12.5 ሚሊዮን ዶዝ ተሰጥቶ 100 ያህል ሪፖርት መጥቶ ነበር።

በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው ይሉናል። እናውቃለን። እኔም ተከትቤያለሁ፣ ልጆቼንም አስከትቤያለሁ፤ ይቺን ደብዳቤ ይዞ ክትባት ገዳይ ነው የሚል ካለ በእኔ ስም አይነግድ። ግን ጥቂት ሰው ነው የተጎዳው ካላችሁ፣ ጥቂት ሰው መካስ አሜሪካን ያደኸያታል እንዴ?

ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ፕሬፕ አክት በሚባለው የ2005 ሕግ ምክንያት አምራቹን መክሰስ የማይታሰብ ነው ማለት ይቻላል። የቀረልን ሲአይሲፒ የሚባለው የካሳ ፕሮግራም ነው፤ እሱም ማመልከቻ የሚቀበለው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ዓመቱ የሚቆጠረው ከታመሙበት ቀን አይደለም፣ ሐኪም ምክንያቱን ከነገረዎት ቀንም አይደለም፣ ከተወጉበት ቀን ነው። ወንድሜ ያን ዓመት ምን ሲሠራ እንደከረመ ልንገርዎት? መጀመሪያ መዋጥ፣ ቀጥሎ መቀመጥ፣ ከዚያ ሸሚዙን መቆለፍ ሲማር ነው የከረመው። ክትባቱን የሰጠው ክሊኒክ ያደለን የአማርኛ ወረቀት ክትባቱ ነፃ እንደሆነና መኪና የት እንደሚቆም ይነግራል፤ ስለ ካሳ አንድ መስመር የለበትም። ፕሮግራሙ መኖሩን የሰማነው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ከማን? ቤተ ክርስቲያን ካገኘናት አንዲት ነርስ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። እዚያው ክንዱ ላይ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተወግቶ ይሄው በሽታ ይዞት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን የሚያየው በ1986ቱ ሕግ የተቋቋመው ሌላኛው የክትባት ጉዳት ካሳ ፕሮግራም ነበር። እዚያ ጊዜው የሚቆጠረው ምልክቱ ከታየበት ቀን ነው፣ የሚሰጠውም ሦስት ዓመት ነው። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ይታያል፣ ለሥቃይም ካሳ አለው፣ የጠበቃውንም ፕሮግራሙ ይችላል። በሲአይሲፒ ዳኛም የለም፣ የጠበቃ ክፍያም የለም፣ ለሥቃይ አንድ ሳንቲም የለም። በዚያኛው ፕሮግራም እንዲያውም ከ2017 ጀምሮ፣ ጊላን ባሬ ከኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኋላ ከ3 እስከ 42 ቀን ባለው ጊዜ ከጀመረ፣ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ክትባቱ እንዳመጣው ይቆጠራል። ወንድሜን የያዘው በሁለት ሳምንቱ ነው! በሽታው አንድ፣ ሰውየው አንድ፣ መርፌው ሲለያይ መብቱም ይለያያል።

ገንዘብ የለም እንዳይሉኝ። ያኛው ፕሮግራም የሚተዳደረው በየክትባቱ ላይ ለሚከላከለው ለእያንዳንዱ በሽታ በሚጣል 75 ሳንቲም ቀረጥ ነው። የኮቪድን ክትባት እዚያ ለማስገባት ቀረጡን መጣል ያለበት ኮንግረስ ነው፤ ማለትም እርስዎና ባልደረቦችዎ። ጊዜው አልፎባቸው ለቀሩትም በሩ እንደገና እንዲከፈት በሕጉ ውስጥ ይጻፍ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

በሚቀጥለው የሕዝብ ስብሰባዎ ላይ እንመጣለን። ድምፅዎን ይሰጣሉ ወይስ አይሰጡም የሚለውን እዚያው ሰው ፊት እጠይቅዎታለሁ። ወንድሜም አብሮኝ ይመጣል፤ አሁንም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ባለፈው ስብሰባው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ ሊፍቱም አይሠራም ነበር። የዘንድሮውን እባክዎ ምድር ቤት ያድርጉት።