ለሌምባታ ደሴት አስተዳዳሪ፦ ተራራውን እንደምትጠብቁት ዝናቡንም ጠብቁላቸው

ክቡር አስተዳዳሪ፣ እዛ ሰዉ እርስዎን "ባፓ ቡፓቲ" ነው የሚልዎት፣ ባፓ ማለት አባት፣ ቡፓቲ ማለት አስተዳዳሪ ማለት ነው፣ እኔም ባፓ እያልኩ ልቀጥል፣ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ኢትዮጵያዊ ነኝ። በአገራችሁ በኢንዶኔዥያ ስኮላርሺፕ ጆግጃካርታ ማስተርሴን ስማር ከእርስዎ ደሴት ከመጣ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን ነበር፣ እና እ.ኤ.አ. በ2023 ለእረፍት ይዞኝ አገሩ ሄደ፣ እናቱ ቤት ሦስት ሳምንት በልቼ ጠጥቼ ተመለስኩ። ጠጥቼ የምትለዋን ቃል ይያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ምን አስታወሰህ ካሉኝ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 እኛ አገር አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ አፍዴራ ላይ ወረደ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም የመን፣ አልፎም ሕንድ ደረሰ። ሁላችንም ቪዲዮውን ሼር እያደረግን "ጉድ በሉ" ስንባባል ያ ልጅ በዋትሳፕ ጻፈልኝ። ደህና ነህ ወይ የለ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው የለ። "ውሃቸውን እንዲሸፍኑ ንገራቸው" ነው ያለኝ። በቃ ይቺው ናት። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ አፍዴራ ለማን እንደምነግር ግራ ገባኝ፣ ግን ይቺን አንዲት መስመር ለማወቅ የነሱ መንደር ስንት እንደከፈለ ስለማውቅ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የኛም ሰው ይሄን ስለሚያነበው ትንሽ ላስረዳ። ሌምባታ ከባሊ ወደ ምሥራቅ ፍሎሬስን አልፎ ነው ያለችው። ፍሎሬስ ላይ ካለችው ከላራንቱካ በጀልባ የደሴቲቱ ዋና ከተማ ሌዎሌባ ወረድን፣ ከዛ በሞተር ወደ ኢሌ አፔ አካባቢ፣ በነሱ በላማሆሎት ቋንቋ የእሳት ተራራ ማለት ነው። እሳተ ገሞራው ራሱ፣ ኢሌ ሌዎቶሎክ፣ 1400 ሜትር ገደማ ነው፣ እንደኛ ራስ ዳሸን አይደለም፣ ግን ከባሕሩ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ስለተነሳ ከስሩ ቆመህ ቀና ስትል አንገትህ ነው የሚታመመው፣ መንደሮቹ ደግሞ በተራራውና በባሕሩ መሃል ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ማታ ማታ ጫፉ ቀይ ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን ሌሊት በልብሴ ነው የተኛሁት፣ ልጆቹ ስቀውብኛል።

የሚያስፈራው ግን እሳቱ አልነበረም ባፓ፣ ውሃው ነው። ዝናብ የሚዘንበው በዓመት ጥቂት ወር ነው፣ ከዛ በኋላ መሬቱ ይደርቃል፣ ጉድጓድ ቢቆፈርም ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ውሃው ጨው ጨው ይላል። ማማ (የጓደኛዬ እናት፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚጠራቸው) በሱ ቡና አፍልተው ሲሰጡኝ አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ አያቴ ቡናዋን በጨው ነበር የምትጠጣው፣ እውነቱን ለመናገር እንደውም ናፍቆት ነው የቀሰቀሰብኝ፣ ግን ይሄን እንዴት አድርጌ እንደማስረዳቸው ጠፋኝና ሦስት ስኒ ጠጣሁላቸው። ለመጠጥ የሚሆነው ከቆርቆሮው ላይ በአሸንዳ ወርዶ በሲሚንቶ ገንዳ የሚጠራቀመው የዝናብ ውሃ ነው። ተራራው አመድ ሲተፋ ቆርቆሮው ይበላሽና ገንዳው ይመርራል፣ የአንድ ክረምት ውሃ በአንድ ቀን ይደፋል። ቧንቧ የለም አልልም፣ አጥሩ ጋ አንድ ቆሞ አይቻለሁ፣ ማን እንደተከለው ማማም እርግጠኛ አይደሉም፣ ዶሮዎች ይተኙበታል።

ባፓ እርስዎ የሚያውቁትን ልንገርዎት አይደለም፣ ግን እኔ እንዴት እንደሰማሁት ልንገርዎት። ማማ ጃጉንግ ቲቲ እየሠሩ ነበር፣ በቆሎውን በሸክላ ይቆሉና ፍሬውን እንደጋለ በባዶ እጃቸው አፍሰው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በሌላ ድንጋይ ቀጭ ያደርጉታል፣ የኛን ቆሎ ጠፍጥፈኸው አስበው፣ የጣታቸው ቆዳ እንደ ጫማ ሶል ሆኗል። እጃቸው አንዴም ሳይቆም ነው የነገሩኝ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2020 ተራራው ፈነዳ፣ ጭሱ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ወጣ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ሌዎሌባ ሸሸ፣ ከዛ ብዙው ተመለሰ፣ ከብትም ማሳም አለዋ። ያ ሁሉ አመድና ድንጋይ ግን ተዳፋቱ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 ቀን 2021 ሴሮጃ የሚሉት አውሎ ነፋስ ዝናቡን ይዞ መጣ፣ የነሱ የፋሲካ ሌሊት ነው፣ ሰዉ ለበዓሉ ቤቱ ተሰብስቦ ተኝቷል፣ ያ የተከመረው ሁሉ ጭቃ ሆኖ እየተንከባለለ መንደሮቹ ላይ ወረደ። ዋይማታን የሚባለው መንደር ከነቤቱ ተቀበረ። በክፍለ ሀገሩ በጠቅላላው የሞተው 180 ገደማ ነው ይባላል። ማማ እህታቸውን ነው ያጡት፣ እና ያሉኝ ምን መሰለዎት፣ "ዓመቱን ሙሉ ውሃ ና ና ስንለው ኖረን በአንድ ሌሊት መጣ" አሉኝና ቀጣዩን ፍሬ ድንጋዩ ላይ አደረጉ።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ የኔ ጥያቄ። የመንደሩ ልጆች የእሳተ ገሞራውን አራት ደረጃዎች እንደ ፊደል ይቆጥሩልሃል፣ ኖርማል፣ ዋስፓዳ፣ ሲያጋ፣ አዋስ፣ አዋስ ሲባል ወዴት እንደሚሮጡም ያውቃሉ። ዝናብ ከበዛስ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ዝም አሉኝ። አንዷ ብቻ "ባልዲ እናወጣለን" አለች። ቀን ከሌት ተራራውን የሚለኩ ባለሙያዎች አሏችሁ፣ በጣም ጎበዞች ናቸው፣ ግን መንደሩን የቀበረው እሳቱ አይደለም፣ ከአራት ወር በኋላ የመጣው ዝናብ ነው። ዓለም ሁሉ እንዲህ ያለውን የጭቃ ጎርፍ ላሃር ይለዋል፣ ቃሉ ራሱ የጃቫ ቃል ነው፣ ከናንተ አገር የተወሰደ! ጆግጃካርታ ሜራፒ የሚባለው እሳተ ገሞራ ስር ያሉትን ወንዞች ዞሬ አይቻለሁ፣ ሳቦ የሚሏቸው ግድቦች በየደረጃው ተሠርተዋል፣ ዘዴው ከጃፓን ነው የመጣው፣ ውሃውን አሳልፎ ድንጋዩን ያስቀራል። ኢሌ አፔ ላይ ያን ያህል ኮንክሪት ይፍሰስ አልልም፣ ገንዘቡም ከየት ይመጣል፣ ግን የትኛው ሸለቆ በየትኛው ቤት ላይ እንደሚወርድ ምልክት ይደረግበት፣ ከላይ የዝናብ መለኪያና ሳይረን ይኑር፣ ከታች ደግሞ ለየቤቱ ክዳን ያለው ሮቶ። ክዳን ያለው! ሌላው ቢቀር ይቺ ትቅደም።

ውጡ ከተባሉ ለምን አይወጡም የሚል አለ። መንግሥት ራቅ አድርጎ ቤት ሠርቶ ያሰፈራቸው አሉ፣ ይሄን መካድ ነውር ነው። ግን የዘር ቤቶቻቸው እዛው ተዳፋቱ ላይ ናቸው፣ በዓመት አንዴ ለባቄላ በዓላቸው ማሌዥያ ሳባ ድረስ ለሥራ የተሰደደው ሁሉ ተሰባስቦ ወደዛ ይወጣል። ለጥሎሽ የሚሰጡት ደግሞ የዝሆን ጥርስ ነው፣ ዝሆን በሌለበት ደሴት! በጥንት ነጋዴ እጅ የገባ ነው፣ ከቤት ቤት ሲዞር ይኖራል እንጂ አይሸጥም። እንደዚህ ዓይነት ሰው በአንድ ደብዳቤ ተነስ ስለተባለ አይነሳም።

ደብዳቤውን ጓደኛዬ ወደ ኢንዶኔዥያኛ ገልብጦ ቢሮዎ ድረስ በሞተር ያመጣዋል። ማማ ጃጉንግ ቲቲ በፌስታል ሳይልኩ አይቀሩም፣ ይቀበሏቸው፣ ጥርስዎን ብቻ ይጠንቀቁ።