ቆሞ የወደቀ ሞተር ሳይክል ሳይፈተሽ አይነዳ

ውድ አባላት፣

በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ወይም በፒያሳ ኮብልስቶን ላይ ያቆማችሁት ሞተር ሳይክል ቢወድቅ፣ አንሥታችሁ ወዲያው አትንዱ። «ቆሞ ነው የወደቀው፣ ምን ይሆናል?» የሚለው አነጋገር በጣም ያሳስበኛል።

ሞተሩ እየሠራ ከሆነ አጥፉት። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ ከማንሣታችሁ በፊት የጎን ማቆሚያውን ዘርጉ፤ አለበለዚያ በሌላው ጎን ይወድቅባችኋል። ቤንዚን ከፈሰሰ ጠርጋችሁ ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁ።

ከሁሉ በላይ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎችን እዩ። አብዛኞቹ ከአሉሚኒየም ስለሚሠሩ፣ የተጣመመውን በመዶሻ ማቃናት ይሰነጥቃቸዋል። የተሰነጠቀው የሚሰበረው ደግሞ በሰላሙ ጊዜ ሳይሆን፣ ሚኒባስ ድንገት ፊታችሁ ሲቆም ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትይዙ ነው። ቀጭን መስመር እንኳ ካያችሁ ቀይሩት፣ እባካችሁ። ቀጥሎ መሪውን እስከ ግራና ቀኝ ጫፍ እያዞራችሁ ነዳጅ መስጫውን ጠምዝዛችሁ ልቀቁት። በራሱ ፈጥኖ ካልተመለሰ ሞተር ሳይክሉ ተገፍቶ ወደ ጋራዥ ይሂድ።

የማርሽ መርገጫው ወደ ውስጥ ታጥፎ የሞተሩን ክዳን እንዳልነካ አረጋግጡ። መሪው ከፊት ጎማው ጋር ቀጥ ማለቱንም እዩ። ስፖኪዮና ፍሬቻ ከተሰበሩ ወዲያው ይታያሉ። የዘይት ፍሳሽ ግን ቀስ ብሎ ስለሚንጠባጠብ ማታ ከሥሩ ካርቶን አንጥፋችሁ ጠዋት ተመልከቱ።

ቁልቁለት ላይ ስታቆሙም ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙራችሁ አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ ተዉት።