ደበሎውን ላለበሰን እረኛና ለአቡነ ዮሴፍ ሰዎች

ዛሬ ጠዋት እህቴ በእግሯ ቆማ ቡና አፈላችልኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ይህችን ቀን ስጠብቅ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሆነን። እኔ፣ ታናሽ እህቴና አንድ ጓደኛችን ከደሴ ተነስተን ላሊበላ ሄድን። ከተሳለምን በኋላ አቡነ ዮሴፍን ሳናይ አንመለስም አልን። ተራራው ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በአሸተን ማርያም በኩል ስንወጣ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር፤ የለበስነውም ስስ ጃኬት ብቻ ነው። አርፍደን ተነሳን፣ መንገድ የሚያውቅ ሰውም አልያዝንም። ጥፋቱ የኛው ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጉም ወረደ። ወዲያው በረዶው መጣ። የበልግ በረዶ ለወሎ ልጅ አዲስ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም። የጓሳው ሣር፣ የጅብራው ተክል፣ መንገዱ፣ ሁሉም ነጭ ሆነ። ልብሳችን በስብሶ ገላችን ላይ ተጣበቀ። እህቴ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፤ ቆይታ ተወችው። ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ። በኋላ ያከመቻት ነርስ እንደነገረችኝ ክፉው ምልክት እሱ ነበር። ሰውነት ሙቀት የሚያመነጭበት አቅም ሲያልቅበት መንቀጥቀጡንም ያቆማል። ምላሷ ተሳሰረ። «ተዉኝ፣ እዚሁ ልተኛ» ትለን ጀመር።

አንተ የደረስከው ያኔ ነው፣ ወንድሜ። አስራ አራት ዓመት ቢሆንህ ነው። እንውረድ ስንልህ «በጉም አይወረድም፣ ገደል ነው» ብለህ ከለከልከን። በጎችህን እየነዳህ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ወሰድከን። እዚያ እረኞች የካቡት ግማሹ የፈረሰ የድንጋይ ግድግዳ ነበር። እኔና ጓደኛዬን ድንጋይ እንድናቀብል አዘዝከን፤ አንተ ካብከው። ጓሳ በማጭድህ አጭደህ፣ የረጠበውን አራግፈህ፣ እስከ ጉልበት ድረስ መሬቱ ላይ ነሰነስከው። እኔ ከላይ የሚለበስ ስፈልግ «ብርዱ ከታች ነው የሚመጣው» አልከኝ። ይህን እስከ ዕድሜ ልኬ አልረሳውም።

ቀጥሎ ያደረግከው ነው የገረመኝ። የተከመረውን በረዶ በእጅህ እያፈስክ የግድግዳውን ቀዳዳ ጠቀጠቅክበት። ነፋሱ ቀጥ አለ! በሩን ዝቅ አድርገህ፣ ነፋሱ ከማይመጣበት ወገን ተውከው። ከላይ በኩል አንዲት ቀዳዳ አስቀረህ፤ «እንዳንታፈን» አልክ። ጓደኛዬ ውስጥ እሳት እናንድድ ሲል እምቢ አልክ። ነርሷም ትክክል ነህ ብላለች፤ በጠባብ ቦታ ጭስና የከሰል ጋዝ ተኝተህ ሳለ ይገድላል። እርጥብ ልብሷን አስወልቀን በጓደኛዬ ቦርሳ የተረፈችውን ደረቅ ሹራብ አለበስናት፤ አንተ ደግሞ የራስህን ደበሎ አውልቀህ ደረብክላት። ሁለት በጎች በግራና በቀኟ አስተኛህ። አንተ በቀጭን ጋቢ አደርክ።

ኖርዌይ ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። እዚያ በክረምት ተራራ የሚወጣ ሰው ጉልበቱ ሳያልቅ በረዶ ቆፍሮ መግባትን ይማራል። በረዶው በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ ሙቀት አያሳልፍም። ደጁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቢሆን ውስጡ ዜሮ አካባቢ ይቆያል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ መኝታው ከበሩ ከፍ ይላል። መተንፈሻ ቀዳዳም የግድ ነው። የኛ በረዶ እንደነሱ ተቆፍሮ የሚገባበት አይደለም፤ ጠጠር ነው፣ በማግስቱም ይቀልጣል። አንተ ግን ያለህን ድንጋይ፣ ጓሳና በረዶ ይዘህ ያንኑ ሠራህ። «ማን አስተማረው?» አለኝ። አባቱ፣ አልኩት። አባቱን ደግሞ አያቱ።

አባባ፣ እርስዎና ጎረቤቶችዎ ሌሊቱን ባትሪ ይዛችሁ ስትጣሩ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሰማዩ ጠርቶ ውርጩ ሲወርድ፣ የሚሰበስባችሁ ቤት እያለ ለማታውቁት ሰው ወጣችሁ። እህቴን በቃሬዛ ተሸክማችሁ አወረዳችኋት።

እማማ፣ ጾም ቢሆንም ወተት አሙቀው በማንኪያ አጠጧት። መነኩሴው አባ «ለታመመ ተፈቅዷል» ሲሉ እንባዬ መጣ። ለኛ በሶ በጠበጡልን፣ የገብስ ቆሎ ቋጠሩልን። አንድ ሰው አረቄ ቢያመጣም እርስዎ «አይሆንም» ብለው መለሱት። ልክ ነበሩ። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ሙቀቱን ከሆድ አውጥቶ ቆዳ ላይ ይበትነዋል።

በቅሎ ለሰጡን፣ ሌሊቱን ለነቃችው ነርስ፣ «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» እያለ እስከ ደሴ ለነዳው የወልድያው ሾፌር፣ ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልን። ገንዘብ ስንዘረጋ ማንም አልተቀበለንም። አንተማ ተቆጣህ።

ደበሎህ እኛ ጋ ነው። ጥድፊያ ላይ ስለነበርን ይዘነው ሄድን። እህቴ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ የተተረተረውን ሰፍታ አስቀምጣልሃለች። ከፋሲካ በኋላ እናመጣልሃለን። ያን ግድግዳም አብረን እንክበው፤ ድንጋይ ማቀበሉን ለምጃለሁ። በጠዋት ነው የምንነሳው።