ደብዳቤ ለልጄ፦ የካሮ ካን ጨዋታዎችሽን ስለ መመርመር

ውድ ልጄ፣

በኢንተርኔት ከተጫወትሻቸው የቼዝ ጨዋታዎች መካከል በጥቁር ሆነሽ ካሮ ካንን (ነጭ በኢ4 ሲጀምር ጥቁር በሲ6 የሚመልስበትን መክፈቻ) የመረጥሽባቸውን ለይተሽ ስለ ላክሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ሁሉንም ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው ተመልክቻቸዋለሁ። አያይዘሽ በጻፍሽልኝ አጭር መልእክት ላይ «ይህ መክፈቻ ለእኔ አልሆነም፤ ልተወው ነው» ብለሻል። ውሳኔው የአንቺ ነው። ነገር ግን የወሰንሽው ጨዋታዎቹን መርምረሽ ሳይሆን ውጤታቸውን ብቻ አይተሽ ስለ መሰለኝ፣ ከመተውሽ በፊት ጨዋታዎቹ ራሳቸው የሚሉትን እንድትሰሚ በዝርዝር ልጽፍልሽ ፈለግሁ።

ከሽንፈቶችሽ ልጀምር። በአብዛኞቹ 15ኛው እርምጃ አካባቢ ቆም ብለሽ ሰሌዳውን ብታዪ፣ ጥቁሩ የጎደለው ነገር የለም፤ ወታደሮቹ እኩል ናቸው፣ ንጉሡ ካስል አድርጓል (ከሩኩ ጋር በአንድ እርምጃ ወደ ጥግ ተጠግቷል)፣ ቢሾፑም ከወታደሮቹ ሰንሰለት ውጭ በነጻነት ቆሟል። ሽንፈቱ የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ሰዓትሽ ሲያጥር ወይም ሩኮች ብቻ በቀሩበት ፍጻሜ ንጉሥሽን ወደ መሃል ለማውጣት ስትዘገዪ ነው። እነዚህ ጨዋታዎች ስለ ፍጻሜ ብዙ የሚያስተምሩሽ ቢሆኑም ስለ ካሮ ካን የሚመሰክሩት ነገር የለም። በአንጻሩ ካሸነፍሻቸው መካከል በ12ኛው እርምጃ ላይ አቋምሽ ሊፈርስ ተቃርቦ ሳለ ተጋጣሚሽ ንግሥቱን በነጻ ስላስበላ ብቻ የዳንሽባቸው አሉ። ስለዚህ መክፈቻን ስትመረምሪ «አሸነፍሁ» እና «ተሸነፍሁ» የሚሉትን ዓምዶች ሸፍነሽ፣ እያንዳንዱን ጨዋታ ከመክፈቻው ስትወጪ በነበረው አቋም ብቻ እንድትመዝኚ እለምንሻለሁ። ካሸነፍሻቸው ጨዋታዎች ያልተመረመሩት ከተሸነፍሽባቸው ይልቅ አደገኞች ናቸው፤ ያው ችግር ጠንካራ ተጋጣሚ እስኪገጥምሽ ድረስ ተደብቆ ይቆያልና።

ሁለተኛው ነገር፣ «ካሮ ካን» ብለሽ በአንድ ስም የጠራሽው በእርግጥ የብዙ ልዩ ልዩ ጨዋታዎች ስብስብ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ሆራሺዮ ካሮ እና የቪየናው ማርከስ ካን በ1886 (እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ትንተናቸውን ካሳተሙ ወዲህ፣ ከኢ4 ቀጥሎ ሲ6 የምትለው ትሑት እርምጃ እጅግ ብዙ ቅርንጫፍ አውጥታለች። የመክፈቻዎች መዝገብ ከቢ10 እስከ ቢ19 ያሉትን መለያዎች የሰጣት ለዚህ ነው። የምትጫወቺበት ሊቼስ የተባለው የቼዝ ድረ ገጽ በእያንዳንዱ ጨዋታ ራስጌ ላይ ይህን መለያ ያስቀምጥልሻል። ስለዚህ ፋይሉን በቀን ሳይሆን በመለያ ደርድሪው፦ ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ5 የሚገፋበት፣ አድቫንስ የሚባለው ቢ12 ለብቻው፣ ነጭ ወታደሮችን የሚለዋወጥበት ቢ13 ለብቻው፣ በሲ4 የሚመጣው የፓኖቭ ጥቃት ቢ14 ለብቻው፣ የነጭ ፈረስ ኢ4 ላይ ወታደር የሚበላባቸው ክላሲካል ቅርንጫፎችም ለብቻቸው ይሁኑ። እኔ እንዲህ ደርድሬ ሳያቸው፣ ከመክፈቻው በመጥፎ አቋም የወጣሽባቸው ጨዋታዎች ከሞላ ጎደል በአንድ ቦታ፣ በአድቫንስ ውስጥ፣ ተከማችተው አገኘኋቸው። ከዚህ የምረዳው በአንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ያልተመለሰ አንድ ጥያቄ እንዳለብሽ ነው፤ ለዚያ ሲባል መክፈቻውን በሙሉ መጣል አያስፈልግም።

ጥያቄው ምን እንደሆነ በአንዱ ጨዋታ ላሳይሽ። ነጭ በ3ኛው እርምጃ ወታደሩን ወደ ኢ5 ገፋ፤ አንቺም ቢሾፕሽን ወደ ኤፍ5 አወጣሽ። ነጭ ፈረሱን ኤፍ3 ላይ አስቀመጠ፤ አንቺ ኢ6 ገፋሽ። ነጭ ቢሾፑን ኢ2 ላይ ሲያደርግ አንቺ ፈረስሽን ወደ ዲ7 አመጣሽ፤ እሱ ካስል ሲያደርግ አንቺ ኤች6፤ እሱ ፈረሱን ወደ ዲ2 ሲያወጣ አንቺ ሁለተኛውን ፈረስሽን ወደ ኢ7፤ በ8ኛው እርምጃም ነጭ ፈረሱን ወደ ቢ3 አሻገረ። እስከዚህ ድረስ ጨዋታውን የሚመረምረው ኮምፒውተር አንድም ቀይ የስህተት ምልክት አላደረገብሽም። ቀዩ ምልክት የመጣው በ21ኛው እርምጃ ላይ ስለሆነ፣ አንቺም በማስታወሻሽ «21ኛው ላይ ተሳሳትሁ» ብለሽ አለፍሽው።

ልጄ፣ ያ ጨዋታ የታመመው ከ21ኛው እርምጃ ብዙ ቀድሞ ነው። የነጭ ኢ5 ወታደር የሚደገፈው በዲ4 ወታደር ነው፤ ዲ4ን የምትነካውም ሲ5 ብቻ ናት። ካሮ ካን የምትጫወት ሴት በአድቫንስ ውስጥ የምትከፍለው ዋጋ ይህ ነው፤ የሲ ወታደሯን አንዴ ወደ ሲ6፣ ሌላ ጊዜ ወደ ሲ5 ስለምትገፋ አንድ ተራ ትከስራለች። በለውጡ የምታገኘው የፈረንሳይ መከላከያ በሚባለው ሌላ መክፈቻ ከኢ6 ጀርባ ታስሮ የሚቀረውን ያንን ቢሾፕ ከሰንሰለቱ ውጭ ማድረግ ነው። አንቺ ግን ቢሾፑን አውጥተሽ ሲ5ን ሳትጫወቺ ቀረሽ። ፈረሱ ቢ3 ላይ ከቆመ በኋላ ሲ5ን ስለሚጠብቅ እርምጃዋ ከባድ ሆነች። የኢ7 ፈረስሽ ሊሄድበት የሚወደው የኤፍ5 ቤት በራስሽ ቢሾፕ ተይዟል፤ ያ ፈረስ ደግሞ የኤፍ8ን ቢሾፕ ዘጋው፤ በዚህም ምክንያት ንጉሥሽ መሃል ላይ ቀረ። ከዚያ ነጭ ሲ4 ገፍቶ መሃሉን ሲከፍት የነበረሽ ምርጫ ሁሉ መጥፎ ነበር። 21ኛው እርምጃ ያደረገው ነገር ቢኖር የቆየውን ችግር ማሳየት ብቻ ነው።

ፈረስን ወደ ዲ7 ማምጣት በራሱ ስህተት አለመሆኑን ልብ በይ፤ ታላላቅ ተጫዋቾችም ይጫወቱታል፤ ኮምፒውተሩ ያልተቃወመውም ለዚህ ነው። ስቶክፊሽ የተባለው ኢንጂን (ጨዋታን የሚመረምር የኮምፒውተር ፕሮግራም) ለእያንዳንዱ አቋም የሚሰጠው ቁጥር ሁለቱም ወገን ከዚያ በኋላ በትክክል ቢጫወቱ የሚሆነውን የሚለካ ነው። አንቺ ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብሽ ታውቂ እንደሆነ ግን አይለካም። በዚያው ቦታ፣ በ5ኛው እርምጃ ላይ፣ ወዲያውኑ ሲ5 ብትገፊ ቁጥሩ ብዙም ላይለወጥ ይችላል። አንቺ ግን ዓላማሽን የምታውቂበት ጨዋታ ውስጥ ትገቢ ነበር። በእኔ አስተያየት የራስን ጨዋታ የመመርመር ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው፦ ኮምፒውተሩ ቀይ ያላደረገውን፣ አንቺ ግን ያለ ምክንያት የተጫወትሽውን እርምጃ ማግኘት።

ስለዚህ ኢንጂኑን ከማብራትሽ በፊት፣ ጨዋታው ገና ከአእምሮሽ ሳይጠፋ፣ ከመክፈቻው እርምጃዎችሽ እያንዳንዱ ለምን እንደተመረጠ በራስሽ ቃል ጻፊ። «ቢሾፑን ላወጣ»፣ «ጂ4ን ፈርቼ»፣ «ሌሎች ሲጫወቱት አይቼ»፣ ወይም «አላውቅም»። ረጅም መሆን የለበትም፤ እውነተኛ ብቻ ይሁን። «አላውቅም» የሚለው መልስ ባለበት ቦታ ሁሉ የሚጠና ነገር አለ። ኢንጂኑ አንዴ ከበራ ግን የነበረሽን ሐሳብ መልሰሽ አታገኚውም፤ ዓይንሽ ቁጥሩን ካየ በኋላ ያሰብሽው ሁሉ ከቁጥሩ ጋር ይስማማ ይመስልሻል።

ሰዓቱም ምስክር ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሊቼስ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የፈጀሽውን ጊዜ ይመዘግባል። በአድቫንስ ጨዋታዎችሽ የመጀመሪያዎቹን አራት እርምጃዎች በጥቂት ሰከንዶች ትጨርሻለሽ፤ ከዚያ በድንገት ረጅም ጊዜ ትቆሚያለሽ። የቆምሽበት ቦታ እውቀትሽ ያለቀበት ቦታ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሳትቆሚ ያለፍሽው ነው። አንድ ተጋጣሚ በ4ኛው እርምጃ ኤች4 ሲጫወትብሽ እንደ ልማድሽ በሁለት ሰከንድ ኢ6 ገፋሽ። ነጭ ጂ4 ሲል ቢሾፑ ወደ ኢ4 ሸሸ፣ በኤፍ3 ተመትቶ ወደ ጂ6 ተመለሰ፣ ኤች5 ሲመጣም መውጫ አጣ፤ በአንድ ወታደር ብቻ ተሸጠ። ለኤች4 የሚገባው መልስ ለቢሾፑ ቦታ የሚያበጅ እርምጃ፣ ኤች5 ወይም ኤች6፣ ነው። ኢ6 በሌሎቹ መስመሮች ጥሩ መሆኗ እዚህ አልጠቀመሽም።

የእርምጃዎች ቅደም ተከተል ሲዛባ የሚደርሰው ጉዳት ለጀማሪ ብቻ የተመደበ አይደለም። በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ ከዲፕ ብሉ ኮምፒውተር ጋር ባደረገው ግጥሚያ በ6ኛውና በመጨረሻው ጨዋታ የተጫወተው ይህንኑ መክፈቻ ነው። በ7ኛው እርምጃ ቢሾፑን አስቀድሞ ወደ ዲ6 ማውጣት ሲገባው ኤች6 ገፋ፤ ኮምፒውተሩም ፈረሱን ኢ6 ላይ ሠውቶ የጥቁሩን ንጉሥ መሃል ላይ አጋለጠው። ካስፓሮቭ በ19 እርምጃ እጅ ሰጠ፤ ግጥሚያውም 3.5 ለ2.5 ተጠናቀቀ። ኤች6 በዚያ መስመር ከቢሾፑ በኋላ የሚመጣ ተገቢ እርምጃ ነው፤ አንድ ተራ ቀድሞ ሲመጣ ግን አቋሙን አፈረሰው።

ባንቺም ጨዋታዎች ውስጥ የዚህ ዓይነት አንድ አለ፤ እጅግ አስተማሪ ስለሆነ ሳላነሳው ማለፍ አልፈልግም። ክላሲካል ቅርንጫፍን በደንብ ታውቂዋለሽ፦ ነጭ ፈረሱ ኢ4 ላይ ሲደርስ ቢሾፕሽን ኤፍ5 ላይ ታወጫለሽ፣ ፈረሱ ወደ ጂ3 ሲመጣ ወደ ጂ6 ትመለሻለሽ፣ ለኤች4ም በኤች6 ትመልሻለሽ። ነገር ግን ያ ተጋጣሚሽ ዲ4ን ሳይጫወት በፊት ሁለቱንም ፈረሶቹን አውጥቶ ነበር፤ አንቺ ልዩነቱን ሳታዪ ያንኑ መስመር ደገምሽው። በዲ4 ፋንታ ፈረሱ ኤፍ3 ላይ ቀድሞ ስለ ነበር በ7ኛው እርምጃ ወዲያውኑ ኢ5 ላይ ዘለለ፤ ቢሾፕሽ ወደ ኤች7 ሸሸ፤ ንግሥቲቱ ኤች5 ላይ ወጥታ ኤፍ7ን አስፈራራች፤ አንቺም ጂ6 ከመግፋት ሌላ መንገድ አልነበረሽም። ከዚያ ነጭ ንግሥቱን እንደተጠቃች ትቶ ቢሾፑን ሲ4 ላይ አደረገ። ንግሥቲቱን በመብላትሽ ኤፍ7 ላይ ማት ሆንሽ። ንግሥቲቱን መብላትሽን እንደ ስህተት መዝግበሽዋል፤ በምርመራ ዓይን ግን የሚመዘገበው 4ኛው እርምጃ ላይ ቢሾፑን ማውጣትሽ ነው። ፈረሶቹ ቀድመው ሲወጡ በ3ኛው እርምጃ ቢሾፑን ወደ ጂ4 መውሰድ፣ ወይም ኢ4 ላይ ከተበላላችሁ በኋላ ፈረስሽን ወደ ኤፍ6 ማውጣት ይሻላል።

ይህ ሁሉ አድካሚ ቢመስልሽ አይገርመኝም። ሚካኤል ቦትቪኒክ በ1960 የዓለም ሻምፒዮንነቱን ለሚካኤል ታል ሲያስረክብ በጥቁር ከተጠቀመባቸው መክፈቻዎች አንዱ ካሮ ካን ነበር። በ1961 በተደረገው የመልስ ግጥሚያ መክፈቻውን አልጣለውም፤ ጨዋታዎቹን መርምሮ ይዞት ተመለሰና 13 ለ8 አሸንፎ ማዕረጉን አስመለሰ። ያ ሰው የራሱን ጨዋታዎች ተንትኖ ማሳተምን የሚመክረው ሌሎች ስህተቱን እንዲያገኙበት ነበር። እኔም ጨዋታዎችሽን እንድትልኪልኝ ስጠይቅሽ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ዓይን ያላየውን አራት ዓይን ያየዋል።

ለጊዜው ስለ ፓኖቭ ጥቃት አትጨነቂ፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ገጠመሽ ከእሱ ምንም መደምደም አይቻልም። አድቫንስን ግን በሲ5 ዙሪያ ብቻ አጥኚው፤ መቼ እንደምትገፋ፣ ገፍተሽ ነጭ ቢበላት ወታደሯን እንዴት እንደምታስመልሺ፣ ቢ3 ላይ ፈረስ ሲኖር ምን እንደሚለወጥ። ያገኘሽውን በሊቼስ የጥናት ገጽ ላይ በአጭር አስተያየት አስፍሪው፤ ቀጣዩን የአድቫንስ ጨዋታ ስትጨርሺም ከዚያ ገጽ የወጣሽበትን የመጀመሪያ እርምጃ ብቻ ፈልገሽ ጨምሪበት።

ከዚያ በተረፈ ሁለት የቢ13 ጨዋታዎች መልሰሽ እንድትልኪልኝ እፈልጋለሁ፤ ነጭ ቢሾፑን ዲ3 ላይ አድርጎ፣ አንቺም ቢሾፕሽን ወደ ጂ4 ካወጣሽ በኋላ ንግሥቲቱ ቢ3 ላይ የምትመጣባቸውን። ቦቢ ፊሸር በ1970 ቤልግሬድ ላይ ቲግራን ፔትሮስያንን ያሸነፈው በዚህ መስመር ነው፤ ፔትሮስያን በዚያች ቅጽበት ፈረሱን ወደ ኤ5 ወሰደ። ቢሾፑ ሲ8ን ስለለቀቀ ቢ7 ያለ ጠባቂ ቀርታለች። አንቺ በሁለቱም ጨዋታዎች ንግሥትሽን ወደ ዲ7 አምጥተሻል። ኢንጂኑን ሳታበሪ፣ ለምን እንደመረጥሽው ከጎኑ ጽፈሽ ላኪልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ