ለሰው ሞት የሞራል ካሳ 1,000 ብር፦ ሕግ ለሚያረቀው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ሕግ እንዲያረቅና እንዲያሻሽል ሥልጣን ለተሰጠው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ጉዳይ አደባባይ ያወጣሁት ወድጄ አይደለም። ለመሥሪያ ቤትዎ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። መዝገብ ቤቱ ማኅተም መትቶ ተቀብሎኛል፤ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተብያለሁ፤ የሚመለከተው ክፍል ደግሞ «ከበላይ ውሳኔ ይጠበቃል» ብሎ መልሶኛል። የበላዩ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ጥያቄዬን ሰው ሁሉ እያየው ለእርስዎ አቀርባለሁ፦ ጠጥቶ ያሽከረከረ ሰው ለገደለው ሰው ቤተሰብ ስለ ሐዘኑ የሚከፈለው የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ የሚያግደው ድንጋጌ እስከ መቼ ነው የሚቆየው?

ድንጋጌውን ያውቁታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2116 ንዑስ ቁጥር 3 ነው። ዳኛው ሐዘኑን ምንም ያህል ቢረዳ ከ1,000 ብር በላይ ልወስን ቢል ሕጉ እጁን ይይዘዋል። ሕጉ በወጣበት ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ስለነበር፣ ገንዘቡ 400 ዶላር ያህል ዋጋ ነበረው። ዛሬ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ነው፤ ያው 1,000 ብር አሥር ዶላር አይሞላም። ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ሕገ መንግሥት ተቀይሯል። ይህን ቁጥር ግን የነካው የለም።

ሕግ አውጪው ስለ ሞራል ካሳ ዳግመኛ አላሰበም እንዳልል አስቧል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በአንቀጽ 34 ላይ፣ ሥራው ያለፈቃዱ ለተወሰደበት ሰው የሚከፈለው የሞራል ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። የደራሲና የሙዚቀኛ መብት መጠበቁ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ይጠንክር እላለሁ። ነገር ግን ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቧቸው። ዜማው የተሰረቀበት ሰው ቢያንስ 100,000 ብር ያገኛል፤ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ቢበዛ 1,000 ብር። ይህን ልዩነት ትክክል ነው ብሎ የሚከራከርልኝ አንድም የሕግ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የሚሉኝ ሁሉ «ልክ ነሽ፣ ግን ሕጉ ነው» ነው። ሕጉን የምታረቁት እናንተ አይደላችሁም ወይ?

ታናሽ ወንድሜ አናጺ ነበር። ማታ ከሥራ ወጥቶ በእግረኛ መንገድ ላይ ሲሄድ ነው መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ የገጨው። የመጀመሪያው ምስክር በአቅራቢያው ያለ ሕንፃ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። የመኪናውን በር የከፈተው እሱ ነበር፤ አሽከርካሪው በሩን ካልያዘ መቆም እንዳልቻለና የመጠጥ ጠርሙስ ከእግሩ ሥር ተንከባሎ እንደወጣ ለፍርድ ቤት ተናግሯል። ሰውየው በዚያው ሌሊት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ። የትንፋሽ መመርመሪያው መሣሪያ ግን ሌላ ተረኛ ዘንድ ነው ተባለ። የተመረመረው ከነጋ በኋላ ነው። አልኮል ከደም ውስጥ በየሰዓቱ በሊትር ከ0.1 እስከ 0.2 ግራም ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያደረን ሰው ጠዋት መርምሮ «አልኮል አልተገኘበትም» ብሎ መጻፍ ማስረጃውን በእጅ እንደ ማጥፋት ይቆጠራል።

የዚያ ወረቀት መዘዝ ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ አሽከርካሪ በንዑስ አንቀጽ 2 ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል፤ ራሱን በመጠጥ አስክሮ ከሆነ ንዑስ አንቀጽ 3 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያዛል። የወንድሜ ገዳይ የተከሰሰው በንዑስ አንቀጽ 2 ነው። የጥበቃ ሠራተኛው ቃል መዝገቡ ውስጥ አለ፤ ክሱ ውስጥ ግን የለም።

ስለ ካሳውም እዚያው የወንጀል ችሎት ፊት ጠይቀናል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 የተጎዳ ሰው የወንጀሉ ክርክር ሲጀመር ካሳ እንዲወሰንለት ማመልከት እንደሚችል ይናገራል። ቁጥር 155 ደግሞ ጥያቄው ክርክሩን የሚያጓትት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ሊከለክል እንደሚችል ይፈቅዳል። የወንድሜ ባለቤት በዚህ በሁለተኛው ቁጥር ተመለሰች። እንግዲህ በፍትሐ ብሔር ክሰሺ ተባለች። በፍትሐ ብሔር ለመክሰስ የዳኝነት ክፍያ አለ። የዳኝነት ክፍያ ከሌለሽ ያለ ክፍያ በደሃ ደንብ ክሰሺ ተባለች። ባሏን የቀበረች ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ ድሃ መሆኗን የሚመሰክር ደብዳቤ ከቀበሌ እንድታመጣ ተደረገ። በዚህ መሀል ደግሞ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ጊዜ ገደብ አለ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። አድራጎቱ ወንጀል ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ ሲረዝም ጊዜው እንደሚራዘም የሚነግራቸው ሰው አጥተው ተስፋ ቆርጠው የተቀመጡ ቤተሰቦችን በፍርድ ቤት ግቢ አግኝቻለሁ።

ከሞራሉ ሌላ ቤተሰቡ ላጣው ገቢ ካሳ ስንጠይቅ፣ ወንድሜ የደመወዝ ሰነድ አልነበረውም። የነበረው ደብተር ነው። በር ለእገሌ፣ አልጋ ለእገሌ፣ የተቀበልኩት ይህን ያህል፣ የቀረኝ ይህን ያህል እያለ በእርሳስ የመዘገበበት፣ ጠርዙ በሙጫ የደረቀ ደብተር። የተከሳሽ ጠበቃ «ፊርማ የሌለበት ወረቀት ነው» ብሎ ተቃወመው፤ ፍርድ ቤቱም ገቢውን በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ በመሰለው ግምት ወሰነ። እንደ ቀን ሠራተኛ ነው የተገመተው። ይህንንም ቢሆን በመራራ ልብ ተቀብለነዋል። የሞራሉ ካሳ ሲነበብ ግን እናቴ ከአግዳሚው ተነሥታ «ስንት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ደግሜ እንድነግራት አደረገችኝ። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ረግጣ አታውቅም፤ ድርሻዋንም አልተቀበለችም።

የተፈረደውን ገንዘብ ለማግኘት ደግሞ ሌላ የአፈጻጸም መዝገብ መክፈት አለ። የተሽከርካሪው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም በቁጥር 2081 ኃላፊ ነው። የእኛ ጉዳይ ግን ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ መኪናው ወደ ሌላ ሰው ስም ዞሯል። ኢንሹራንሱም ከጣሪያው በላይ አይከፍልም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ሲታወጅ ለአንድ ሰው ሞት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ በዚያው አንቀጽ ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር። ሰው ከንብረት ያነሰበትን አዋጅ ያረቀው፣ የመረመረው፣ ያጸደቀው ሁሉ አንብቦት አልፏል። ጣሪያው ከዚያ ወዲህ ከፍ መደረጉን አውቃለሁ። መደረግ የሚቻል ነገር ከሆነ የ2116 ቁጥርስ ምን ከለከለው?

ከባለሙያዎችዎ አንዱ «ሐዘን በገንዘብ አይተመንም» አለኝ። ሐዘናችንን በገንዘብ የተመነው ግን ሕጉ ነው፤ የመጨረሻው ዋጋ 1,000 ብር ነው ብሎ ጽፎታል። እኔ የምጠይቀው ዳኛው ጉዳቱን አይቶ እንዲወስን የሚከለክለው ጣሪያ እንዲነሣ ነው። ከዚያ ጋር፣ ሰው በሞተበት ወይም አካሉ በጎደለበት አደጋ ሁሉ የአሽከርካሪው ደም ወዲያውኑ እንዲመረመር የሚያስገድድ፣ ሳይመረመር ቢቀርም ለዚያ ምክንያት የሆነውን ሰው ተጠያቂ የሚያደርግ ድንጋጌ ይጻፍ። የወንጀል ችሎቱም የካሳ ጥያቄን እንደ ትርፍ ሥራ ከማየት ይልቅ አጥፊውን በቀጣበት መዝገብ ካሳውን ይወስን።

ከእርስዎ የምፈልገው መልስ ሦስት ነገር ያካትት። የቁጥር 2116 ንዑስ ቁጥር 3 ማሻሻያ በመሥሪያ ቤትዎ ተረቅቋል ወይስ አልተረቀቀም? ከተረቀቀ የት ደርሷል? ካልተረቀቀ እንዲያረቀው የታዘዘው የትኛው ክፍል ነው፣ እስከ መቼስ? መልሱ በጽሑፍ፣ በመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም፣ ኃላፊነቱን በሚወስድ ሰው ፊርማ ይሁን። ማመልከቻዬ ከሙሉ አድራሻዬ ጋር በመዝገብ ቤታችሁ ይገኛል።

ጠጥቶ ባሽከረከረ ሰው ወንድሟን ያጣች እህት