ስለ አሮጌ የጎማ ጀልባዎች እድሳት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ ሳይገባ ጀልባችሁን ለማሳደስ ስትመጡ ብዙዎቻችሁ ሁለት ነገር ትጠይቁናላችሁ። ዋጋውን ለምን በስልክ አትነግሩንም? ደግሞስ የጎረቤቴን የተላላጠ ጀልባ ተቀብላችሁ የእኔን፣ ያውም ገና አዲስ የሚመስለውን፣ ለምን መለሳችሁ? የሁለቱም መልስ ያለው ጀልባው በተሠራበት ጨርቅ ላይ ነው።

በአንድ ስም «የጎማ ጀልባ» የምንላቸው በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት ጨርቅ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ሃይፓሎን ነው፤ በሽመና ላይ ሰው ሠራሽ ጎማ የተለበጠበት። ስሙ የዱፖንት ኩባንያ የንግድ ስም ነበር፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2010 ማምረቱን ቢያቆምም ሌሎች ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን ስለሚሠሩ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል። ሌላው ፒቪሲ፣ ማለትም ፕላስቲክ የተለበጠበት ጨርቅ ነው። ሃይፓሎን በብርጭቆ ወረቀት ሲታሸት ዱቄት ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም የውስጡ ቀለም ከውጩ ይለያል። ፒቪሲ ግን አሴቶን የተባለው ማሟሚያ ሲነካው ይለሰልስና እጅ ላይ ይጣበቃል።

በሃይፓሎን ጀልባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያረጀው ጨርቁ ሳይሆን ማስቲሹ ነው። መጋጠሚያው ተላቅቆ፣ ወለሉ ተንጠልጥሎ ሲታይ ያለቀለት ይመስላል፤ ጨርቁ ግን ደህና ስለሆነ ተፈትቶ እንደገና ሊጣበቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጀልባ በደስታ እንቀበላለን። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ግን በፀሐይና በሙቀት ከውስጡ ይወጣል። ያን ጊዜ ጨርቁ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ላዩ ሙጫ ሙጫ ይላል፤ ይህን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ይበረታል፤ ዓመቱን ሙሉ ደጅ የሚውል ጀልባም ቶሎ ይጎዳል።

ስለዚህ ዋጋ ከመናገራችን በፊት እያንዳንዱን የአየር ክፍል ለየብቻ ነፍተን፣ የሳሙና ውኃ ቀብተን፣ አሳድረን እናየዋለን። አረፋው በመጋጠሚያው ወይም በቫልቩ ዙሪያ ከወጣ ሥራው ይታወቃል። በጨርቁ ገጽ ሁሉ እንደ ላብ ችፍ ካለ ግን ልባጡ አልቋል ማለት ነው። አየር እንዳያስወጣ ጀልባው ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ ማሸጊያ እንዳለ የምታውቁ አላችሁ፤ ለጥቂት ጊዜ አየር ይይዛል። እኛ ግን ከሰዓት በኋላ ነፋስ በሚነሣበት ሐይቅ ላይ ሰው ጭኖ ወደ ደሴቶቹ ለሚሄድ ጀልባ አናደርገውም፤ ብትከፍሉንም አናደርገውም።

ጎሚስታ ቤት በርካሽ የተለጠፈ ጀልባም ይመጣልናል። የጎሚስታ ባለሙያዎችን እናከብራለን፤ ነገር ግን በመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ልጣፍ ከውጭ ጎማው ደግፎ ይይዘዋል፣ የጀልባ ልጣፍ ግን የሚይዘው የራሱ ማስቲሽ ብቻ ነው። ለሃይፓሎን በኒዮፕሪን፣ ለፒቪሲ በፖሊዩሬቴን የተሠራ፣ ከማጠንከሪያው ጋር የሚቀላቀል ማስቲሽ ያስፈልጋል፤ አንዱ በሌላው አይተካም። የቀድሞውን ማስቲሽ ፍቆ ማንሣት ከመለጠፉ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ሒሳቡ ከፍ የሚለውም በዚህ ነው።

እርጥበት ደግሞ የማስቲሽ ጠላት ነው። ቀጭኑ ቅብ ሲደርቅ ስለሚቀዘቅዝ የአየሩ እርጥበት በላዩ ያርፋል፤ በዓይን አይታይም፣ ልጣፉ ግን ሳምንታት ቆይቶ ይላቀቃል። ስለዚህ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ የማጣበቅ ሥራ አንይዝም። በእነዚያ ወራት ሞተር የሚታሰርበትን የበሰበሰ የኋላ ኮምፔንሳቶ እንለውጣለን፣ ቫልቭም እንቀይራለን።

እስከዚያው ሁለት ነገር አደራ እንላለን። ጀልባውን ሲሊኮን ባለበት የመኪና ማብለጫ አትወልውሉት፤ ሲሊኮን የነካው ጨርቅ ማስቲሽ አይቀበልም። በጠዋት ብርድ ጠንክሮ የተነፋውንም ፀሐይ ላይ አትተዉት። 15 ዲግሪ ላይ ግፊቱ 0.25 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የነበረው አየር 45 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 0.35 ባር ሊጠጋ ይችላል፤ ያረጀ መጋጠሚያ የሚፈታው እንዲህ ባለ ቀትር ነው። የብስ ላይ ሲውል ትንሽ አየር አስተንፍሱለት።

ጀልባውን ስታመጡ ታጥቦ የደረቀ ይሁን፤ ፓምፑንና መቅዘፊያውንም አትርሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጀልባ ጥገና ወርክሾፓችን ሠራተኞች
ባሕር ዳር