«ወደሽ ነው የሄድሽው?» አትበሏት

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ሰሞኑን ስለ ሕፃናት ያወጣችሁትን ዜና አንብቤ ነው። ርዕሱ «በሕገ ወጥ ዝውውር ላይ የነበሩ ሕፃናት ተያዙ» ይላል። ዘገባው ጥሩ ነው፤ እንደደከማችሁበትም ያስታውቃል። «ተያዙ» የምትለዋ ቃል ግን ከነከነችኝ። የሚያዘው ወንጀለኛ ነው። ልጆቹ ምን አጠፉ?

የምተዳደረው በአስተርጓሚነት ነው። ብዙ ዓመት ሆነኝ። ተታለው ከተወሰዱ ልጆች ጎን ቁጭ ብዬ የመርማሪውን ጥያቄ ለእነሱ፣ የእነሱን መልስ ለመርማሪው አደርሳለሁ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ አንዱን እጠላዋለሁ፦ «ወደሽ ነው የመጣሽው?»

የአንዷን ልንገራችሁ። እንዳትታወቅ አገሩንም ጊዜውንም ትቼዋለሁ። ፓስፖርቷ 23 ዓመቷ ነው ይላል። የለበሰችው ሹራብ ሰፍቷት እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኖታል። ዕድሜዋን ስትጠየቅ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ትንፋሽ ሳትወስድ አነበነበችው፤ በቃሏ እንዳጠናችው ያስታውቃል። መርማሪው ትንሽ ዝም አለና «ስንተኛ ክፍል ደርሰሽ ነበር?» አላት። «6ኛ» አለች። «ዘንድሮ ነው ያቋረጥኩት።» ምን እንደተናገረች እንኳ አልገባትም፤ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ቀጥሎ ያ ጥያቄ መጣ። ወደሽ ነው? አዎ፣ ማንም አላስገደደኝም አለች። ወረቀቱ ላይ «በራሷ ፈቃድ» ተብሎ ተጻፈ። ስንወጣ ቀስ ብላ «እትዬ፣ በትክክል መለስኩ?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ እኮ መልስ ካገኘ ቆይቷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2000 ያጸደቀው፣ ብዙ ጊዜ የፓሌርሞ ፕሮቶኮል የሚባለው፣ በሰው መነገድን የሚከለክለው ሰነድ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። የተነገደበት ሰው አዋቂ ከሆነ ማስገደድ፣ ማታለል ወይም ችግሩን መጠቀሚያ ማድረግ እንደነበረ መታየት አለበት። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ልጁን ለመበዝበዝ አስቦ መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም ተቀብሎ ማስቀመጥ ብቻውን ወንጀል ነው። ልጁ እሺ አለ አላለ ለውጥ አያመጣም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ልጅን እሺ ማሰኘት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ገብቷቸዋል። ለእናትሽ ቤት ትሠሪላታለሽ ብትባል እሺ የማትል የ6ኛ ክፍል ልጅ የት አለች?

ዕድሜዋ ቢያጠራጥርስ? ለእሱም የታሰበበት አለ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የፀረ ሰው ንግድ ስምምነት፣ ተጎጂው ልጅ ነው ለማለት ምክንያት ካለ ዕድሜው እስኪጣራ እንደ ልጅ ይታይ፣ ልዩ ጥበቃም ይደረግለት ይላል። ዘንድሮ ከ6ኛ ክፍል አቋረጥኩ ማለቷ ምክንያት ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል?

ሰነድ አልጎደለንም። እ.ኤ.አ. የ1989ኙን የሕፃናት መብቶች ስምምነት 196 ወገኖች ተቀብለውታል። አንቀጽ 35 የልጆችን መጠለፍ፣ መሸጥና የንግድ ዕቃ መሆን እንዲከላከሉ ያስገድዳቸዋል። የዓለም የሥራ ድርጅት አስከፊ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛን የከለከለበትን ስምምነት ቁጥር 182 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የድርጅቱ 187 አባል አገሮች በሙሉ አጸደቁት። በድርጅቱ ታሪክ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ፊርማው ከንቱ ነው አልልም፤ ዛሬ ደላላ የሚቀጣው በእነዚህ ሰነዶች መነሻ በወጡ ሕጎች ነው። የሚያናድደኝ ይህ ሁሉ ድካም አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጥያቄ ላይ ሲደርስ መና መቅረቱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል መከላከያ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ዙሪያ ከተለዩት የሰው ንግድ ተጎጂዎች 38 በመቶዎቹ ልጆች ናቸው። የተለዩት ብቻ ማለት ነው። «በራሷ ፈቃድ» የተባለች ልጅ እዚህ ቁጥር ውስጥ አትገባም።

ለጋሾች ገንዘባችንን ምን ላይ እናውለው ቢሉኝ መጀመሪያ የልደት ምዝገባ ላይ እላቸዋለሁ። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው ከ5 ዓመት በታች ያሉ 150 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት አልተመዘገቡም። ወረቀት ለሌለው ልጅ ደላላው የፈለገውን ዕድሜ ያወጣለታል፤ 23 ካሻው 23። ቀጥሎ ደግሞ የልጅ ቃል መቀበል የሚችል መርማሪ ይሠልጥን።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። «ዝውውር» የሚለው ቃልም ደስ አይለኝም። ዝውውር የኳስ ተጫዋች ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አንባቢ ሲሰማው ድንበር ነው የሚታየው። የወንጀሉ ትርጓሜ ግን ድንበር መሻገርን አይጠይቅም፤ ልጅቷ ከቤቷ ብዙም ሳትርቅ ብትበዘበዝም ወንጀሉ ያው ነው። «ሕገ ወጥ» የሚለውም ሲደጋገም ከደላላው ላይ ተነሥቶ ልጁ ላይ ይለጠፋል። «በልጆች መነገድ» ብትሉት ምን አለበት? ነጋዴው ማን እንደሆነ፣ የተነገደበትም ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2016 የሉክሰምበርግ መመሪያ የሚባለውን ያወጡት ለዚሁ ነው፤ ልጆች ላይ የደረሰ ወሲባዊ ጥቃት የሚያሳይን ምስል የወሲብ ፊልም ብሎ መጥራት ይቅር ብለዋል። ቃሉ ልጁን ተሳታፊ ያስመስለዋልና።

ስለዚህ «ተያዙ» በማለት ፈንታ «ተገኙ» በሉልን። «ፈቅዳ ሄደች» የሚል መግለጫ ሲደርሳችሁ ደግሞ ዕድሜዋን ጠይቁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከዜናው ጋር የወጣው ፎቶ ላይ የልጆቹን ፊት ሸፍናችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ልብሳቸው ግን ጥርት ብሎ ይታያል። የላካቸው ደላላ በልብሳቸው ይለያቸዋል። እባካችሁ ፎቶውን ዛሬውኑ አንሱት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አስተርጓሚ